ከመፍታት በፊት መለካት፦ ውሃ አላወርድ ያለ ሻወር በቤት ውስጥ እንዴት ይጠገናል?

መግቢያ

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ሥራ ለመሄድ የሚጣደፍ ሰው ሻወሩን ሲከፍት ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ፣ አንዱ ጅረት ወደ ግድግዳው፣ ሌላው ወደ በሩ ሲረጭ ያገኘዋል። «ይህ ዕቃ አርጅቷል» ብሎ ይደመድምና በዕረፍት ቀኑ ገበያ ወጥቶ አዲስ የሻወር ራስ ይገዛል። የሻወር ራስ የምንለው በቧንቧው ጫፍ የሚገጠመውን፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳውን ክፍል ነው።

ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች በአንዳችን ቤት የሆነው ከዚህ የተለየ አልነበረም። የሻወሩ ራስ በአዲስ ተለወጠ፤ ውሃው ግን እንደ ቀድሞው ቀጭን ሆኖ ቀረ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዋጋው ከፍ ያለ ሌላ ተገዛ፤ አሁንም ለውጥ አልታየም። በመጨረሻ ችግሩ የተገኘው ከሻወሩ ርቆ፣ ጣሪያው ላይ ካለው የውሃ ታንከር በሚወጣው ቧንቧ መዝጊያ ላይ ነበር። መዝጊያው ለሌላ ሥራ ተብሎ በከፊል ተዘግቶ ኖሮ፣ መልሶ የከፈተው ሰው አልነበረም። ሁለት ዕቃ ተገዝቷል፤ አንድም ልኬት ግን አልተወሰደም። ስለ ግፊትና ስለ ፍሰት ሌሎችን ለምናስተምር ሰዎች ይህ የሚያስተዛዝብ ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሻወር ራስ ለምን እንደሚደፈን፣ ጥፋቱ በእርግጥ የእርሱ መሆኑ እንዴት እንደሚታወቅና በቤት ውስጥ በሚገኙ ነገሮች እንዴት እንደሚጠገን እንመለከታለን። አስፈላጊዎቹ ነገሮች አንድ ባልዲ፣ ሰዓት፣ ትንሽ አቼቶ ወይም ሎሚ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ስንጥር፣ ቴፍሎንና የብሎን መፍቻ ብቻ ናቸው።

የሻወሩ ራስ የሰንሰለቱ መጨረሻ ነው

ውሃ ወደ ሻወሩ የሚደርሰው ብዙ ደረጃዎችን አልፎ ነው። ከመንገዱ ዋና መሥመር ተነሥቶ በቆጣሪው ያልፋል፤ በብዙ ቤቶች ወደ ታንከር ይገባል፤ ከታንከሩ ወርዶ ከፊሉ በቀጥታ፣ ከፊሉም በማሞቂያው (በቦይለሩ) በኩል አልፎ ወደ ሻወሩ መክፈቻ ይመጣል፤ በመጨረሻም በወንፊቱ ቀዳዳዎች ይወጣል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ የሚፈጠር እንቅፋት ሁሉ የሚታየው በመጨረሻው ቦታ ነው። በዚህም ምክንያት የሻወሩ ራስ ባልሠራው ጥፋት ብዙ ጊዜ ይወቀሳል።

ውሃውን የሚገፋው ኃይል ምንጭ፣ ታንከር ባለበት ቤት፣ የከፍታ ልዩነት ነው። በታንከሩ ውስጥ ያለው የውሃ ገጽ ከሻወሩ ራስ በ1 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ በ9.8 ኪሎፓስካል፣ ማለትም ከባሕር ጠለል የከባቢ አየር ግፊት በአንድ አሥረኛ ያህል፣ ይጨምራል። ልዩነቱ 2 ሜትር ብቻ ከሆነ ያለን ግፊት ወደ 20 ኪሎፓስካል ነው። ታንከሩ ሰፊ ይሁን ጠባብ ለውጥ አያመጣም፤ ግፊቱን የሚወስነው የውሃው ቁመት እንጂ ብዛቱ አይደለም። እንግዲህ ታንከሩ ዝቅ ብሎ በተቀመጠበት ቤት ምንም ያህል ውድ ሻወር ቢገዛ ውሃው ሊበረታ አይችልም።

ትንሽ ቅርፊት፣ ትልቅ ኪሳራ

ጣሊያናዊው ሊቅ ኢቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ ሰበቃን ችላ ብንል፣ ከዕቃ በቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ፍጥነት በሚከተለው ቀመር ይገኛል፦

የውሃው ፍጥነት = √(2 × የስበት ሽምጠጣ × የውሃው ቁመት)

ቁመቱ 2 ሜትር፣ የስበት ሽምጠጣው ደግሞ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ 6.3 ሜትር ገደማ ይሆናል። አሁን የሻወሩ ወንፊት እያንዳንዳቸው 1 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያላቸው 60 ቀዳዳዎች አሉት እንበል። የቀዳዳዎቹ ጠቅላላ ስፋት 47 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስፋቱን በፍጥነቱ ስናባዛው ፍሰቱ በደቂቃ ወደ 18 ሊትር ይመጣል። በእውነተኛው ቧንቧ ውስጥ ሰበቃ ስላለና ጅረቱ ከቀዳዳው ሲወጣ ስለሚኮማተር ትክክለኛው ፍሰት ከዚህ ያነሰ ነው፤ ለንጽጽር ግን ይበቃናል።

በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ የሩብ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቅርፊት ቢለጠፍ የቀዳዳው ዲያሜትር ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ስፋት የሚለዋወጠው በዲያሜትሩ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ ስፋቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ፍሰቱም ከ18 ሊትር ወደ 4.4 ሊትር ያሽቆለቁላል። ለዓይን የማይሞላ ቅርፊት ሦስት አራተኛውን ውሃ አስቀረ ማለት ነው።

ምርመራው፦ ሦስት ቀላል ሙከራዎች

መፍቻ ከማንሣታችን በፊት ሦስት ሙከራዎችን በቅደም ተከተል እናካሂድ።

1ኛ. ማየት። የውሃውን ጅረቶች አቅጣጫና ብርታት እናስተውል። ከወንፊቱ ጥቂት ጅረቶች ብቻ በኃይል የሚወጡ፣ አንዳንዶቹም ወደ ጎን የሚረጩ ከሆነ የተደፈነው ወንፊቱ ነው። ምክንያቱም ቀዳዳዎቹ ሲጠቡ በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ያንሳል፤ ፍሰቱ ሲያንስ በሰበቃ የሚባክነው ግፊትም ይቀንሳል። ስለዚህ ክፍት የቀሩት ቀዳዳዎች ከፍ ያለ ግፊት ያገኛሉ። በተቃራኒው ከሁሉም ቀዳዳዎች እኩል ውሃ እየወጣ፣ ጅረቶቹ ግን ደክመው ወደ ታች የሚንጠለጠሉ ከሆነ ችግሩ ከሻወሩ ራስ በፊት ያለ ነው ብለን መላ ምት እንውሰድ።

2ኛ. ማነጻጸር። የእጅ መታጠቢያውንና የወጥ ቤቱን ቧንቧ እንክፈት። እነርሱም ከደከሙ ጥፋቱ የጋራ መሥመሩ ወይም የታንከሩ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ በርትቶ ሙቁ ብቻ ከደከመ ደግሞ ማሞቂያውንና ከእርሱ የሚመጣውን መሥመር እንጠርጥር።

3ኛ. መለካት። ሻወሩን ሙሉ በሙሉ ከፍተን ባልዲ በመደቀን 10 ሊትር ለመሙላት የሚፈጀውን ጊዜ እንመዝግብ። 4 ደቂቃ ከፈጀ ፍሰቱ በደቂቃ 2.5 ሊትር ነው። ቀጥሎ የሻወሩን ራስ ፈትተን ያለ እርሱ በድጋሚ እንለካ። ባልዲው አሁን በጣም በፍጥነት ከሞላ ጥፋተኛው የሻወሩ ራስ ነው። ያለ እርሱም ቀስ ብሎ ከሞላ ግን ወደ ኋላ ተመልሰን መዝጊያዎቹን፣ ታንከሩንና ቧንቧውን መመርመር ይገባናል። ያ ሦስተኛ ሙከራ በጊዜው ተደርጎ ቢሆን ኖሮ በመግቢያችን ያነሣናቸው ሁለት ዕቃዎች ባልተገዙ ነበር።

የደፈነው ምንድን ነው?

መልሱ ከምንኖርበት አካባቢ ድንጋይ ጋር የተያያዘ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ደካማ አሲድ ይሆናል። በኖራ ድንጋይ ላይ ሲያልፍ ካልሲየም ካርቦኔቱን ወደ ካልሲየም ባይካርቦኔት ለውጦ አሟሙቶ ይሄዳል። በባሌ የሚገኘውን ታላቁን የሶፍ ዑመር ዋሻ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ለመቦርቦር የወይብ ወንዝን የረዳው ይኸው አጸግብሮት ነው። ይህን ዓይነት ካልሲየም የበዛበትን ውሃ «ጠጣር ውሃ» እንለዋለን።

ውሃው ማሞቂያ ውስጥ ሲሞቅ፣ ወይም በወንፊቱ ላይ የቀረው ጠብታ ሲተን፣ አጸግብሮቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፦

ካልሲየም ባይካርቦኔት → ካልሲየም ካርቦኔት + ውሃ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ጋዙ ወደ አየር ይሄዳል፤ ካልሲየም ካርቦኔቱ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። ብዙ ነገሮች በሙቅ ውሃ የበለጠ ሲሟሙ ካልሲየም ካርቦኔት ግን በሙቅ ውሃ የመሟሟት ችሎታው ይቀንሳል። በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊትም ይኸው ነው።

የኖራ ድንጋይ ባለባቸው እንደ ድሬዳዋና መቀሌ ባሉ ከተሞች የከርሰ ምድር ውሃው ጠጣር ስለሆነ ነጩ ቅርፊት የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ግን በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት፤ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃም በአንጻሩ ለስላሳ ነው። ከግድቦቹ ውሃ በሚደርሳቸው ቤቶች ወንፊቱን የሚደፍነው ብዙውን ጊዜ የብረት ቧንቧ ዝገት፣ ደለልና አሸዋ ነው። ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ በባዶው ቧንቧ ውስጥ የሚገፋው አየርና ውሃ የተቀመጠውን ዝቃጭ ፈንቅሎ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ውሃው እንደ ተመለሰ መጀመሪያ መከፈት ያለበት የግቢው ዝቅተኛ ቧንቧ እንጂ ሻወሩ አይደለም። ድፍርሱን ውሃ በባልዲ ተቀብሎ ለጽዳት ማዋል ይቻላል።

የትኛው እንደ ደፈነው ለመለየት ከቅርፊቱ ትንሽ ፍቀን በማንኪያ ላይ በማድረግ አቼቶ ጠብ እናድርግበት። አረፋ ካወጣ ካርቦኔት ነው፤ አረፋው የሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቀይ ቡናማ ሆኖ አረፋ ካላወጣ ዝገት፣ እንደ ፍሬ የሚቆረቁር ሆኖ ካልሟሟ ደግሞ አሸዋ ነው ብለን መገመት እንችላለን።

ጥገናው ደረጃ በደረጃ

ሀ. መዝጋትና መፍታት። የሻወሩን መክፈቻ እንዝጋ፤ እርሱ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ዋናውን መዝጊያም እንጨምር። ትንንሽ ብሎኖችና የጎማ ቀለበቶች እንዳይጠፉ የፍሳሹን ቀዳዳ በጨርቅ እንሸፍን። የሻወሩን ራስ በእጅ ወደ ግራ በማዞር እንፍታ። እምቢ ካለ በጨርቅ ጠቅልለን በመፍቻ እንርዳው። በሌላው እጅ ከግድግዳው የወጣውን ቧንቧ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቧንቧው አብሮ ዞሮ ግድግዳው ውስጥ ሊሰበር ይችላል።

ለ. ማጣሪያውን ማየት። በብዙዎቹ ሻወሮች መግቢያ ላይ ቀጭን መረብ አለ። አሸዋና ዝገት መጀመሪያ የሚጠራቀሙት እዚያ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ መረቡን ማጠብ ብቻ ሥራውን ይጨርሳል። ከመረቡ አጠገብ ጠባብ ቀዳዳ ያላት የፕላስቲክ ክብ ካገኘን ጥፋት መስላን አንጣላት፤ ፍሰትን ለመገደብ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። በአሜሪካ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የኃይል ሕግ የሻወርን ፍሰት በደቂቃ ወደ 9.5 ሊትር ገድቧል፤ በብዙ ሻወሮች ውስጥ እንዲህ ያለ መገደቢያ የሚገኘው ውሃና ኃይል ለመቆጠብ ነው።

ሐ. መዘፍዘፍ። ነጭ ቅርፊት ከሆነ የሻወሩን ራስ በአቼቶ ውስጥ እናስቀምጥ። የሚካሄደው አጸግብሮት የሚከተለው ነው፦

ካልሲየም ካርቦኔት + አሴቲክ አሲድ → ካልሲየም አሴቴት + ውሃ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ካልሲየም አሴቴት በውሃ ስለሚሟሟ ታጥቦ ይሄዳል። በስሌት 1 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት 1.2 ግራም አሴቲክ አሲድ ይፈልጋል፤ ይህም 5 በመቶ ጥንካሬ ካለው አቼቶ 24 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አቼቶው እየደከመ ሲሄድ አጸግብሮቱ ስለሚዘገይ ከዚህ ጨመር ማድረግ ይሻላል። ለብ ያለ አቼቶ ከቀዝቃዛው ይፈጥናል፤ ማፍላት ግን ፕላስቲኩንና ጎማውን ይጎዳል። ከ30 ደቂቃ በኋላ አውጥተን እንመልከት፤ ካልበቃው እንመልሰው። በሚያብረቀርቅ ብረት የተለበጠ ከሆነ ግን አሲዱ ልባጡን ስለሚያበላሽ ሌሊቱን ሙሉ አንተወው። አቼቶ ከሌለ የሎሚ ጭማቂ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። የሻወሩ ራስ አልፈታ ካለ ደግሞ አቼቶውን ፌስታል ውስጥ ጨምሮ፣ ወንፊቱ እንዲጠልቅ አድርጎ ፌስታሉን በላስቲክ ማሰር ይቻላል።

መ. ማጽዳት። የለሰለሰውን ቅርፊት በጥርስ ብሩሽ እንፈግፍግ፤ የቀሩትን ቀዳዳዎች ከውጭ ወደ ውስጥ በስንጥር እንክፈት። ከዚያም ወንፊቱን ገልብጠን ከውጭው በኩል ውሃ እናሳልፍበት፤ ቆሻሻው በገባበት ይወጣል። ቀዳዳዎቹን በምስማር ማስፋት ግን ስሕተት ነው፤ ከላይ እንዳሰላነው ዲያሜትር በጥቂቱ ሲለወጥ ስፋቱ በብዙ ይለወጣልና የጅረቶቹ ሚዛን ይዛባል።

ሠ. መልሶ መግጠም። አሮጌውን ቴፍሎን ከቧንቧው ጥርስ ላይ አስወግደን አዲስ ከሦስት እስከ አምስት ዙር እንጠምጥም። የቧንቧውን አፍ ፊት ለፊት ስናይ ጥምጠማው ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ መሆን አለበት፤ በተቃራኒው ከሆነ ስንገጥም ይፈታል። ቴፍሎን እ.ኤ.አ. በ1938 አሜሪካዊው ኬሚስት ሮይ ፕላንኬት ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ ሲፈልግ በአጋጣሚ ያገኘው ነገር ነው። ብዙ ነገሮች ስለማይጣበቁበት ጥርሱ በቀላሉ እንዲዞር ያደርጋል፤ ልል ስለሆነም ክፍተቱን ይሞላል። የሻወሩን ራስ በእጅ አጥብቀን፣ ካንጠባጠበ ብቻ በመፍቻ ሩብ ዙር እንጨምር። ከልክ በላይ ማጥበቅ ጥርሱን ይበላል።

ረ. ዳግመኛ መለካት። ባልዲውንና ሰዓቱን መልሰን እናምጣ። 10 ሊትሩ አሁን በ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ከሞላ ፍሰቱ በደቂቃ 7.5 ሊትር ሆኗል፤ ከቀድሞው 2.5 ሊትር ጋር ሲነጻጸር በሦስት እጥፍ አድጓል። ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ጽፈን ብናስቀምጥ ከወራት በኋላ ሻወሩ እንደገና መደፈን መጀመሩን በዓይን ሳይታወቅ በልኬት እናውቀዋለን።

የሚያንጠባጥብ ሻወር

ሻወሩ ከተዘጋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ቢያንጠባጥብ አያስጨንቅም። በወንፊቱ ውስጥ የቀረውን ውሃ በቀዳዳዎቹ ላይ የያዘው የገጽ ውጥረት ነው፤ ውሃው ቀስ በቀስ ይወርዳል። ጠብታው ሰዓታት አልፈውም ካላቆመ ግን ጥፋቱ የወንፊቱ አይደለም፤ በመክፈቻው ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት ተበልቷል። የሻወሩን ራስ መለወጥ እዚህም ከንቱ ነው። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ቢወርድና 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ቢሆን በቀን 4.3 ሊትር፣ በዓመት ወደ 1,600 ሊትር ይፈስሳል። ይህም በ20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ ወደ 80 ጀሪካን ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤተሰብ የአንዲት ጎማ ዋጋ ከዚህ ጋር ሊወዳደር አይችልም፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች

አንደኛ፣ አቼቶ ወይም ሎሚ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይለቅቃል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 በኢፕር ጦር ሜዳ ለመሣሪያነት የዋለ መርዝ ነው። ጠባብና መስኮት የሌለው መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ጥቂቱም አደገኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃውን በራሱ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ሻወር ከላይ በገለጽነው መንገድ አይፈታም። ውሃና ኤሌክትሪክ የሚገናኙበት ዕቃ ስለሆነ ለባለሙያ መተው ይገባል።

ሦስተኛ፣ ለሳምንታት ሳይከፈት የቆየ ሻወር ውስጥ ውሃው ረግቶ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1976 በፊላደልፊያ በተከሰተ ወረርሽኝ ምክንያት የታወቀው ሌጂዮኔላ ለብ ባለና በረጋ ውሃ ውስጥ የሚራባ፣ በጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ወደ ሳንባ የሚገባ ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሻወር ስንከፍት ከሥሩ ከመቆማችን በፊት ውሃውን ለጥቂት ደቂቃዎች እናፍስሰው፤ ሲፈስስም ከክፍሉ እንውጣ።

ማጠቃለያ

አንድ ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚቀርበው ጥያቄ «በምን ልተካው?» ሳይሆን «ጥፋቱ ያለው የት ነው?» የሚል ሊሆን ይገባል። መላ ምት መውሰድ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ከመለወጡ በፊትና በኋላ መለካት በቤተ ሙከራ የምንማረው ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ግን በቤተ ሙከራው በር ላይ አይቀርም፤ ባልዲና ሰዓት ባለበት ቤት ሁሉ ይሠራል። እኛም ይህን የተማርነው ሁለት የማያስፈልጉ ዕቃዎች ከገዛን በኋላ ነው። እነርሱም እስከ ዛሬ ከነካርቶናቸው በመደርደሪያችን ላይ ተቀምጠው ይህንኑ ያስታውሱናል።

ለአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ከ60 ቀዳዳዎች ግማሾቹ ሙሉ በሙሉ ቢደፈኑ፣ የቀሩት ደግሞ ዲያሜትራቸው ከ1 ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ቢጠብ ከጠቅላላው ስፋት ስንት በመቶው ይቀራል?

2. በታንከሩ ውስጥ ያለው የውሃ ገጽ ከሻወሩ ራስ ያለው ከፍታ ከ2 ሜትር ወደ 3 ሜትር ከፍ ቢል፣ ሰበቃን ችላ ብለን፣ ፍሰቱ በስንት በመቶ ያድጋል? ለምን በ50 በመቶ አያድግም?

3. አንድ የእንቁላል ቅርፊት በአቼቶ፣ ሌላውን በንጹሕ ውሃ ውስጥ ለአንድ ቀን አስቀምጡ። ያያችሁትን ልዩነት በዚህ ጽሑፍ በተሰጠው አጸግብሮት አስረዱ።